ፎቶ ላይ ያልወጣው ዘበኛ

አንድ ዘበኛ ነበር፤ ስሙ ላሬቦ ይባላል። የሚጠብቀው ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ወንዙ የሚወርደውን የሰፈሩን መንገድ የታችኛውን ግማሽ ነው። የላይኛውን ግማሽ ግዛው የሚባል ሌላ ዘበኛ ይጠብቀዋል። ግዛው የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር የአቶ ጌጤነህ የሚስት ወንድም ነው፤ ይህን ያልሰማ ካለ ትናንት ሰፈሩ የገባ ተከራይ መሆን አለበት።

ላሬቦ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ከመሸ ጀምሮ ጎህ እስኪቀድ ይወርዳል፣ ይወጣል። በደረሰበት የቆርቆሮ በር ሁሉ በዱላው ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል። ለሌባው «አለሁ» ማለቱ ነው፣ ለባለቤቱ ደግሞ «ተኛ» ማለቱ። የተቀመጠ ዘበኛ የሚጠብቀው ወንበሩን ነው ይላል፣ የሚሰማው ሰው ካገኘ። የሰፈሩ ሰው ምስጋናው ምን ሆነ መሰላችሁ? ኳኳታው እንቅልፍ ነሳን ብሎ ከሰሰው። ባለ ፎቋ ወይዘሮ ትርንጎ ብቻቸውን ሁለት ጊዜ ኮሚቴው ድረስ ሄደው አመልክተዋል።

ግዛው እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፍና በላይኛው መብራት ሥር ምሰሶውን ተደግፎ ይቆማል። እንደ በቅሎ ቆሞ ይተኛል። ከሩቅ ላየው ግን የጦር አዛዥ ነው የሚመስለው። እሱን አንድም ቀን የከሰሰው ሰው የለም። የተኛ ሰው ማንን ይረብሻል?

እንግዲህ በወይዘሮ ትርንጎ ፎቅ ላይ ያፌት የሚባል ፎቶ አንሺ ተከራየ። ቀን ቀን ሙሽራ ያነሳል፤ ሌሊት ደግሞ ለራሱ ደስታ ሲል ጣራው ላይ ወጥቶ መንገድ ያነሳል። ሰው መንገድ አንስቶ ምን ያደርግለታል ብለን ብዙ አምተነዋል፤ እሱ ግን የራሱ ብልሃት ነበረው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያስርና ዐይኑን ከፍቶ ይተወዋል። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ካሜራው ሳይጨፍን ያያል። በዚያን ጊዜ ያለፈ መኪና መኪናነቱ ይጠፋና መብራቱ ብቻ እንደ ቀይ ክር ተስቦ ይቀራል። የሚራመድ ሰው ደግሞ ክርም አይቀርለት፤ አንድ ቦታ ስለማይቆይ ካሜራው ሳይዘው ያልፋል። በደንብ የሚወጣው የቆመ ነገር ነው፦ ግንብ፣ ምሰሶ፣ ዳር የያዘ መኪና።

ኮሚቴው ቢሮውን ቀለም ባስቀባ ጊዜ ያፌት አንዱን ፎቶ የበር ያህል አሳትሞ፣ ፍሬም አስገብቶ፣ «ለሰፈሬ ይሁን» ብሎ ሰጠ። ጣጣውን ያመጣው ደግነቱ ነው።

እሑድ ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ፎቶውን ከቦ የየራሱን በር ይፈልግ ጀመር። ያቺ የኔ ናት፣ ያቺ የናንተ ናት ሲባባሉ አቶ ጌጤነህ መነጽራቸውን አስተካከሉና ጣታቸውን ላይኛው መብራት ላይ አሳረፉ።

«ግዛው ይኸው» አሉ። «የካፖርቱ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ላሬቦስ?»

ላሬቦ ተፈለገ። ከላይ ጀምረው ፈለጉት፣ ከታች ጀምረው ፈለጉት። ገንዳው ሥር ተጠቅልላ የተኛችው የሰፈሩ ውሻ ተገኘች። ሰው ረስቶት ያደረ ባልዲ ተገኘ። ላሬቦ የለም።

«ውሻዋ እንኳ ሥራ ገብታለች» አለ አንዱ ከኋላ።

ላሬቦ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። አቶ ጌጤነህ በጣታቸው ጠሩት።

«ያፌት፣ ይሄ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተነሳው?»

«ሌሊት ስምንት ሰዓት» አለ ያፌት።

«ላሬቦ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«መንገድ ላይ።»

«የቱ መንገድ?»

«እዚህ የተሰቀለው።»

«ታዲያ የታለህ?»

ላሬቦ ጠጋ ብሎ አየ። ሰባት ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያውቀዋል። እሱ ግን እውነትም የለበትም። ሳያስበው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዳበሰ፤ መኖሩን የሚያረጋግጥ ይመስል። ከዚያ በራሱ ተናደደ። ሰው እንዴት በወረቀት ነገር ራሱን ይጠራጠራል?

«ነበርኩ» አለ። «እየሄድኩ ነበር።»

«እኔ ኳኳታውን ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። እውነቱን ለመናገር ሊረዱት ፈልገው ሳይሆን የሰሙትን ነገር ይዞ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው ነው። «በየሌሊቱ እሰማለሁ። ከስሼውስ የለ?»

«እትዬ ትርንጎ፣ ድምፅ ፎቶ ላይ አይወጣም» አሉ አቶ ጌጤነህ።

«አይ፣ እንግዲህ እሱም አልወጣማ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ያፌት ጭንቅ ብሎት ተነሳ። የሚንቀሳቀስ ሰው በዚህ ዓይነት ፎቶ እንደማይያዝ ከሥሩ ጀምሮ አስረዳ። አቶ ጌጤነህ በትዕግሥት ሰሙት፤ የሰሙት ግን ለመጣል ነው።

«ስማ ልጄ፤ ይቺ ቀይ መስመር መኪና ናት አላልክም?»

«ነች።»

«መኪናዋ ሄዳለች?»

«ሄዳለች።»

«እንግዲያው የሄደም ይወጣል።»

«መብራት ስላላት ነው እኮ፣ አቶ ጌጤነህ።»

«ላሬቦ ባትሪ የለውም?»

«ድንጋዩ ካለቀ ሁለት ወሩ ነው» አለ ላሬቦ። «ለእርስዎ አመልክቼ ነበር፤ አልተገዛልኝም።»

«ነገር አታዙር» አሉ አቶ ጌጤነህ። «ፎቶ አይዋሽም። ሰው ይዋሻል።»

ሰውም ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ከተቀመጡት ግማሾቹ ሌሊት ታክሲ አጥተው ሲገቡ ላሬቦ በር ድረስ የሸኛቸው ናቸው። ግን የተሰቀለ ነገር ፊት አፍ ይያዛል፤ ፍሬም ሲኖረው ደግሞ ይብሳል።

በዚያው ተወሰነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያፌት ፎቶ ያነሳል፤ ዘበኞቹ ፎቶው ላይ መታየት አለባቸው። ሁለት ቅዳሜ ያልታየ ዘበኛ ቤቱን ያስረክባል። ግዛው እህቱ ቤት ስለሚኖር የሚያስረክበው ቤት የለውም። ላሬቦ ግን ወንዙ አጠገብ ባለችው የኮሚቴው አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ አመለወርቅ ደግሞ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል።

ያፌት «እኔ የማነሳው ለብርሃኑ ብዬ ነው እንጂ ሰው ሊቆጠርበት አይደለም» ብሎ ነበር። «ልጄ፣ ጀምረኸዋል» አሉት አቶ ጌጤነህ። እምቢ ካለ ላሬቦ ያኔውኑ እንደሚወጣ ስለገባው ያፌት እሺ አለ።

ላሬቦ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። አመለወርቅ ወገቧን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችው።

«ስድስት ደቂቃ ነው አይደል ያሉህ?»

«ስድስት።»

«ታዲያ ቁምላቸዋ። ሐውልት ሁንላቸውና ከዚያ ወደ ሥራህ ሂድ። እኔ ይሄን ሆድ ይዤ ቤት ፍለጋ አልዞርም።»

«አሁን መቆም ሥራ ሆኖ?»

«ለአቶ ጌጤነህ ሥራ ነው። ቁም።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ላሬቦ በታችኛው መብራት ሥር ቆመ። ያፌት ከጣራው ላይ «ጋሼ፣ ጀመርኩ» አለው። ላሬቦ እግሩን ተከለ፣ ዱላውን አቆመ፣ እጁን ሰበሰበ። ድመት አጥር ዘለለች፤ ዞር ብሎ አየ። የሆነ በር ሲጥ አለ፤ ወደዚያ አየ። የጠጣ ሰው እየዘፈነ ከአስፋልቱ ወረደ፤ በሰላም በሩ እስኪገባ ድረስ በዐይኑ ሸኘው። አሁንም አሁንም አንገቱ ይዞራል። ጫማው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እሑድ ፎቶው ሲመጣ ላሬቦ ነበረበት። ጫማው አለ፣ ዱላው አለ፣ ካፖርቱ አለ። ከአንገቱ በላይ ግን እንደ ጉም የሆነ ነገር ነው እንጂ ራስ የለም።

አቶ ጌጤነህ ፎቶውን አገላበጡት።

«ራስህስ?»

«ዙሪያውን እያየሁ ነበር።»

«ቁም ነው የተባልከው እንጂ ዞር ዞር በል አልተባልክም።»

«ዘበኛ እኮ ነኝ፣ አቶ ጌጤነህ። ካላየሁ ምን ልሠራ ነው የቆምኩት?»

«ልትታይ ነዋ» አሉ አቶ ጌጤነህ። «ግዛውን ተመልከት። ይኸው፣ ከእግር እስከ ራሱ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ራስህን ይዘህ ና፤ አለዚያ ቁልፉን ይዘህ ና።»

ከኋላ ሳቁ። ላሬቦ አልሳቀም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም በር ሳይሰበርበት ኖሮ፣ አሁን ራስህ የት አለ ተብሎ ይጠየቃል። ምን ብሎ ይመልስ? ሰው ራሱ አንገቱ ላይ እንዳለ በምን ምስክር ያስረዳል? ግዛው ደግሞ መጣና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ መከረው። «ጋሽ ላሬቦ፣ አንተ ታበዛዋለህ። አታስብ። እኔ ምንም አላስብም።» ላሬቦ ይህኛውን ወዲያው አመነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። አመለወርቅ ማታውን ቁርጠት ቢጤ ጀምሯት ነበር፤ «ዛሬን ቁምልኝ» ብላ ነው የሸኘችው። ስምንት ሰዓት ላይ ያፌት ከጣራው «ጋሼ፣ ጀመርኩ፤ አደራ አንገትህን» አለ።

ላሬቦ ዐይኑን ማዶ ያለ ግንብ ላይ ተከለና ቆመ። ድመቷ መጣች፤ አላያትም። ነፋስ ቆርቆሮ አንኳኳ፤ አልዞረም። በልቡ መቁጠር ጀመረ። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ግንቡን ሲያይ ሲያይ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሰው እንዲህ ሆኖ ምን ይጠብቃል አለ በሆዱ፤ እኔ ራሴ ብሰረቅ የማውቀው ነገ ነው።

ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ከላይ በኩል ቀጭ አለ።

ይቺን ድምፅ ያውቃታል። የመኪና ስፖኪዮ ከሥሩ ሲነቀል እንደዚህ ነው የሚጮኸው። አንገቱን ሳያዞር «ግዛው» ብሎ ተጣራ። ግዛው አልመለሰም። ደግሞ ቀጭ አለ።

ላይኛው ግማሽ የሱ አይደለም። ቢሄድ ፎቶው ላይ አይኖርም፤ ካልኖረ ነገ ቁልፉን ያስረክባል፤ አመለወርቅን በዚህ ወሯ ይዟት የት ይገባል? ባይሄድ ደግሞ ማንም አይጠይቀውም። እንዲያውም ይመሰገናል። ፎቶው ላይ ከእግር እስከ ራሱ ይወጣል፣ የካፖርቱ ቁልፍ ይቆጠርለታል። ሦስተኛው ቀጭ ሲል እግሩ ከሱ ጋር ሳይማከር ተነሳ።

ዳገቱን ሮጦ ወጣ። ግዛው ከመብራቱ ሥር እንደ ጅብራ ቆሟል፤ ከሱ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ አንድ ሰው በማዳበሪያ የሆነ ነገር ተሸክሞ አራተኛው መኪና ላይ ጎንበስ ብሏል። ላሬቦ ዱላውን አንስቶ ጮኸ። ሰውየው መሮጥ ጀመረ፤ ላሬቦ ተከተለው። አስፋልቱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ደረሰበትና ማዳበሪያውን ያዘ። ሰውየው ማዳበሪያውን ለቆ አመለጠ፤ ላሬቦ ደግሞ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። ይህን ጊዜ ነው ግዛው ከኋላ «ማነው?» ያለው።

ሲነጋ ሰፈሩ ተናወጠ። ከላይኛው ግማሽ የሦስት መኪና ስፖኪዮ የለም። ከመካከላቸው አንዱ የአቶ ጌጤነህ መኪና ነው፤ እሱ እንዲያውም ሁለቱም ጆሮ ነው የተቆረጠው። ቢሮው ጢም ብሎ ሞላ። ላሬቦ ማዳበሪያውን እግሩ ሥር አድርጎ ሊናገር አፉን ሲከፍት አቶ ጌጤነህ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። መጀመሪያ ፎቶው ይታይ። ማን ሥራው ላይ እንደነበረ ፎቶው ይነግረናል።»

ያፌት ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ሁሉም አጎነበሰ። ግዛው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ላሬቦ ደግሞ ታችኛው መብራት ሥር አለ፤ ራስም አለው። ግን ሰውነቱ እንደ ስስ ነጠላ ነው። ከኋላው ያለው የቆርቆሮ በር በደረቱ አልፎ ይታያል።

ወይዘሮ ትርንጎ አማተቡ። «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?»

«ግማሽ ነው» አሉ አቶ ጌጤነህ። «ግማሹን ጊዜ ሠርቶ ግማሹን ጠፍቷል ማለት ነው። ይኸው፣ ማስረጃው። እሱ በጠፋበት ሰዓት ነው የተዘረፍነው።»

ላሬቦ ሊያስረዳ ፈልጎ ነበር፤ ተወው። ለሁለት ሳምንት አስረድቷል። ማዳበሪያውን አነሳና ጠረጴዛው ላይ፣ ፎቶው ጎን፣ ስፖኪዮዎቹን አንድ በአንድ ደረደራቸው። አራት ናቸው።

«እኚህ ሁለቱ የእርስዎ ናቸው» አላቸው።

አቶ ጌጤነህ ስፖኪዮአቸውን አዩት። ስፖኪዮውም እሳቸውን አያቸው።

«ሌባውስ?»

«ሲሮጥ አመለጠኝ። ምናልባት ፎቶው ላይ ይፈልጉት።»

ጉድ እኮ ነው፤ ፈለጉት። አሥራ ምናምን የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች ፎቶው ላይ ተደፍተው ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ ሌባ ፈለጉ።

«የለም» አሉ አቶ ጌጤነህ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ሌባ አልመጣም» አለ ላሬቦ። «ፎቶ አይዋሽም ብለውኛል።»

ከኋላ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ያፌት ይህን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልናገር» አለ። «እኔ ሙሽራ ሳነሳ ግማሽ ደቂቃ ዝም ብሎ የቆመልኝ ሰው የለም። ያሳክከዋል፣ ይተነፍሳል፣ ዐይኑ ይቅበዘበዛል። ስድስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚወጣ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የተኛ።»

ሰው ሁሉ ግዛውን አየ። ግዛው ጣራውን አየ።

«ላሬቦ ግማሽ ሆኖ የወጣው» አለ ያፌት፣ «ሦስት ደቂቃ ቆሞ ሦስት ደቂቃ ስለሮጠ ነው።»

«አዎ» አለ ላሬቦ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ደክሞታል። «ፎቶው የያዘው የቆምኩትን ግማሽ ነው። እሱ ግማሽ ለናንተ ምንም አልሠራላችሁም፤ እሱ ቆሞ እያለ ነው የመጀመሪያዎቹ የተነቀሉት። ንብረታችሁን ያመጣው ያ ያልወጣው ግማሽ ነው። አሁን እናንተ ምረጡ። እንድታዩኝ ነው ወይስ እንድጠብቃችሁ ነው የምትፈልጉት? ሁለቱንም በአንድ ደመወዝ አልችልም። መታየት ከሆነ ቁልፉ ይኸው።»

ቁልፉን ከስፖኪዮዎቹ አጠገብ አስቀመጠው። ማንም አልነካውም። አቶ ጌጤነህ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው ብድግ ብለው ቁልፉን አንስተው ላሬቦ እጅ ላይ ያኖሩት። «ሂድ፣ ሚስትህ ምጥ ይዟታል፤ ስመጣ ሰምቻታለሁ» አሉት። ላሬቦ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም፤ እየሮጠ ወጣ። ይቅርታ የተባለ ነገር እንዳልነበረ ግን እዚያ የነበሩ ሁሉ ያውቃሉ።

እንግዲህ የዚህ ነገር ትምህርት ይህ ነው። የሚሠራ ሰው አንድ ቦታ ስለማይቆም ዐይን አይይዘውም። ሥራ ፈቱ ግን መብራት ሥር መርጦ ስለሚቆም ጥርት ብሎ ይታያል። እኛም ያየነውን እናመሰግናለን፣ ያላየነውን እንከሳለን። ብሎም የሚሮጠውን ሰው «ቁምና እንይህ» እያልን ከሥራው እናስቆመዋለን፤ ከዚያ የጎደለብንን መልሰን እሱን እንጠይቃለን። የሰውን ሥራ በመታየቱ የሚመዝን፣ ሌባውም እንዳልመጣ ይመን።

እስቲ ይህን ያነበባችሁ፣ ለሌላው ከመንገራችሁ በፊት ቤታችሁን ወይም መሥሪያ ቤታችሁን በሐሳባችሁ ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ሁሉ ነገር በቦታው እንዲገኝ እያደረገ፣ እናንተ ግን አንድም ቀን ያላያችሁት ሰው ማን ነው?